እኔን ያስፈታችኝ አጭር ድራማ

ሰው ለሰው መድኃኒት ቢጠቁም፣ ሚስት ቢያጭ፣ የሚከራይ ቤት ቢያሳይ አንድ ቀን ይመሰገን ይሆናል። ድራማ የጠቆመ ሰው ግን ምስጋና አይጠብቅ። ድራማዋ ካማረች "ልጆቹ ጎበዞች ናቸው" ይባላል። ካላማረች "ማነው ይቺን ያመጣብን?" ተብሎ ጠቋሚው ይፈለጋል። በዚህ ዘመን መፈለግ ማለት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አላብራራም።

ባለቤቴ ይማም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ሁሉ እያወቀ ሲጠቁም ኖረ። ሥራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ጠዋት በደሴ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ጋቢውን ያስወልቀዋል። ከብብቱ ሥር አንድ ሁለት ደብተር አይጠፋም። የዘመኑ ልጆች የጻፏቸው አጫጭር ተውኔቶች ናቸው። መምህሩ ይጽፋል፣ የጤና ረዳቱ ይጽፋል፣ የፋብሪካው መካኒክ ሳይቀር ይጽፋል፤ ሁሉም ለይማም ያስነብባል። በዓል በደረሰ ቁጥር ደግሞ ቀበሌውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ገበሬ ማኅበሩም "አያ ይማም፣ አጠር ያለች ድራማ" እያሉ ደጃችንን ያንኳኳሉ። አጠር ያለች የሚሉት ወድደው አይደለም። ከፊቷ ንግግር አለ፣ ከኋላዋ ሰዓት እላፊ አለ። ድራማ በመካከላቸው ሾልካ የምታልፍ ቀጭን ነገር መሆን አለባት።

ይማም "ስለ ምን ትፈልጋላችሁ?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። "ስንት ወንበር አላችሁ? ሳይስቅ መቆም የሚችል ሰውስ ስንት ነው?" ይላል። መልሱን ሰምቶ አንድ ደብተር ይመዛል። አብዛኛውን ጊዜ አይስትም ነበር።

አሁን እሱ የለም። እኔ የመበለት ዒዳዬን ተቀምጬ፣ ከቤት ሳልወጣ፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን እየገፋሁ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር ለለቅሶ መጡ። ሲገቡ አለቀሱ፣ ሲቀመጡ ተከዙ፣ ሊሄዱ ሲነሱ ግን ጫማ ጫማቸውን እያዩ፣ "እትዬ ዘሐራ፣ በዚህ ሰዓት መጠየቁ ነውር ነው። ጋሽ ይማም ለተማሪዎቻችን አጭር ድራማ ሊመርጡልን ቃል ገብተው ነበር" አሉኝ። ሳቄ መጣ። እሱ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሺ መምህር፣ ይኸው ልጠቁምዎ። ሰባት ልጆች ካሉዎት "ሰልፉ"ን ያሠሩ። ሰባት ሰዎች ስኳር ሊገዙ ይሰለፋሉ፤ ወሬው ሲደራ የተሰለፉበትን ይረሱታል፤ ሱቁ ተከፍቶ "ምን ልስጣችሁ?" ሲባሉ እርስ በርስ ይፋጠጣሉ። ልጆቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ "ማኅተሙ ጠፋ" ትሻላለች። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ይጠፋል፤ መጥፋቱን ለበላይ የሚያስታውቀው ደብዳቤ ደግሞ ማኅተም ካላረፈበት አይሄድም። ፊት ረድፍ ላይ ኃላፊ ከተቀመጠ ግን፣ እሱ ሳይስቅ ማንም እንዳይቀድመው ያስጠንቅቁ። ሦስተኛዋ "ደብዳቤ አንባቢ" ናት። የጻፋት የቢስቲማ ወጣት መምህር ነው። እኔ ከሁሉም እሷን እወዳለሁ። ሆኖም አንድ ጊዜ ከባሌ አፋትታኛለችና፣ እሱን ሳልነግርዎ ብጠቁም ኃጢአት ይሆንብኛል።

በድራማዋ ውስጥ አንድ ባል፣ ሚስቱ መሠረተ ትምህርት ሄደች ብሎ ይቆጣና ሦስት ጊዜ "ፈትቼሻለሁ" ብሎ ያባርራታል። በማግሥቱ ደብዳቤ ይመጣለታል። ማንበብ አይችልም። አስነብቡኝ ብሎ መንደሩን ቢያካልል ፊደል የቆጠረች እሷው ብቻ ሆና ታርፋለች። ዘጠኝ ገጽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው። የደሴ ቀበሌያችን ይማምን ጠየቀ፣ ይማም እሷን ጠቆመ፣ ተመርምራ ማኅተም ተመታባት። ማኅተም ካረፈ ወዲያ አንድ ቃል አይነካም።

ከዚያ ሚስት ጠፋች። የድራማዋን ሚስት ማለቴ ነው። የትኛው ባል ነው ባዕድ ወንድ በሰው ፊት ሚስቱን "ሚስቴ" ሲላት የሚያይ? ይማም ሁለት ቀን አሰበና መላ አመጣ።

"አንቺ ሚስት ትሆኛለሽ፣ እኔ ባል እሆናለሁ። ከነውሩም ከሐራሙም ዳንን።"

ጎረቤቶቻችን "ማሻአላህ፣ አደብ ማለት ይህ ነው" አሉን።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ይማም ድራማ መምረጥ እንጂ መሥራት እንደማይችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ላቡ ይንቆረቆራል። ጣቱን ቀሰረብኝና፣ "ዘሐራ! ፈትቼሻለሁ!" አለ።

በድራማዋ ውስጥ ስሜ ትርንጎ ነበር።

"ትርንጎ! ትርንጎ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" አለ ከመጋረጃው ጀርባ ቃል የሚያስታውሰው ጌታቸው፣ የፋብሪካ ባልደረባው። ይማም ደነገጠና የቀሩትን ሁለቱን በትርንጎ ስም ጨረሳቸው። አዳራሹ ጭጭ አለ። ጥሩ ስለሠራን መስሎኝ ነበር። ከሦስተኛው ረድፍ ጎረቤቴ እትዬ ከድጃ ብድግ አሉ።

"ያ ጀማዓ! ኧረ ይቺ ልጅ ተፈታች!"

አትሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ፍቺ በቀልድ ቢሉትም እንደ እውነት ይቆጠራል፤ ሦስት ከሞላ መመለሻ የለውም። ድራማዋ ስታልቅ ያጨበጨበ የለም፤ ሰው ሁሉ ሙግት ገጠመ። "ከአንደበቱ ወጥቷል!" "ድራማ እኮ ነው!" "ስሟን ጠርቶ?" እትዬ ከድጃ እጄን ያዙና "ሼህ ሳይጠየቁ አንድ ጣራ ሥር አታድሩም" ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ዞር ብዬ ሳይ ይማም ደብዳቤውን እንደያዘ መድረኩ ላይ ቆሟል። የድራማዋን ባል መምሰል አቅቶት የነበረው ሰውዬ አሁን ቁርጥ እሱን ሆኗል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥሩ ዘንድ መጣ። የአሥራ አንድ ዓመት ትዳሬ በአንድ ቃል ተንጠልጥሎ፣ እሱ የጠየቀኝ "እህል ቀመስሽ?" ብሎ ነው። እትዬ ከድጃ ከውስጥ "ፍርዱ ሳይታወቅ አታናግራት!" ብለው አባረሩት። ያኔ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ቀረብን። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር የሚሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

"በስሟ ስንት ጊዜ አልክ?"

"አንድ ጊዜ ነው፣ ሼህ። ወላሂ ሳላስበው!"

"የቀሩት ሁለቱስ?"

"ለትርንጎ ናቸው።"

"ትርንጎ ማን ናት?"

"የለችም፣ ሼህ። ደብተር ላይ ናት።"

ሼሁ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "እንግዲያ የሌለችዋ ሁለቱን ይዛ ትቀመጥ። ላለችዋ ግን፣ ለጥንቃቄ ብለን አንዱን ቆጥረነዋል። በል፣ በእነዚህ ሁለት ምስክሮች ፊት 'መልሻታለሁ' በል።"

ይማም እንደታዘዘው አለ። መድረክ ላይ ያጣውን ድምፅ እዚያ አገኘው፤ ውጭ ጫማቸውን የሚያወልቁ ሰዎች ሳይቀሩ ሰሙት። "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ ሼሁ።

በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ወሬው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ገባና ፋብሪካው "ያቺ ድራማ ለእኛም ትታይ" አለ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝ ነው። ተመልሰን ሼሁ ዘንድ ሄድን።

"ድራማችሁን አልመረቅሁም" አሉ። "ግድ ካላችሁ ግን ሌላ ሰው ይፍታት። የሰው ሚስት ሰው አይፈታም።"

ስለዚህ ጌታቸው ባል ሆነ፤ ይማም ቃል ሊያስታውስ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ጌታቸው የቄስ ልጅ ነው፤ ትንኝ እንኳ አያስቀይምም። ጣቱን ቀሰረብኝና ዓይኔን ሲያይ ቃሉ ጠፋው። ወደ መጋረጃው ጠጋ አለ። መጋረጃው ዝም። ይማም ደብተሩን ይዟል፣ ቃሉ በትልቁ ተጽፏል፤ ግን በምን አፉ ይበለው?

"አስታውሰኝ እንጂ!" አለ ጌታቸው በሹክሹክታ።

"ያንን በላት!" አለ መጋረጃው።

"የቱን?"

"ያንን! እኔ የማልለውን!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሁለቱ ወንዶች ነገር እንደማያልቅ ሳይ ነጠላዬን አጣፋሁና፣ "ተወው፣ ገብቶኛል። እኔው ሄጃለሁ!" ብዬ ወጣሁ።

ከፊት ረድፍ አንድ ካድሬ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። "ሴቷ ራሷን በራሷ ነፃ አወጣች! እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው የምንሻው!" አለ። ማኅተም ያረፈበት ቃል እንደተዘለለ ማንም አላነሣ። የቢስቲማው ልጅም ብልህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድራማዋን እንደዚያ አድርጎ ጽፏታል። ስለዚህ አይስጉ፣ መምህር፤ በአሁኑ መልኳ ትዳር አታፈርስም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ይማም እኔን የመለሰ ዕለት፣ ስንወጣ ሼሁ ወደ ኋላ ጠሩትና፣ "ከሦስቱ አንዱን በጨዋታ አጠፋኸው። የቀሩህ ሁለት ናቸው፤ ዕወቅባቸው" አሉት።

ከዚያ ወዲያ አልተጣላንም ብል ውሸት ነው። በወጥ ጨው፣ አልጋ ሥር በሚከምራቸው ደብተሮች፣ በእናቱ ነገር ተጣልተናል። ነገሩ ሲካረር ግን ይማም አፉን በመዳፉ ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የደሴ ብርድ ሲያስመርረው ይመለሳል። ጎረቤት ጥርሱን የሚያመው ይመስለው ነበር።

ለለቅሶ የሚመጡ ሴቶች እንደ ወጉ "ምን ትቶልሽ ሄደ?" ይሉኛል። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ደብተሮቹ የሰው ናቸው፤ ምን ብዬ እመልስላቸዋለሁ? የቀሩትን ሁለቱንም ፍቺ ሳይነካቸው ሄደ።