«ተክለህ ርሳው» የሚሉት ኦቦ ሞቱማ

ሱሉልታ አዲስ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ሁሉ ሳይጠራቸው የሚመጡበት ሦስት ነገሮች አሉ፤ ብርድ፣ የሰፈር ውሻ እና አትክልት የሚመርጥለት ሰው። ለብርዱ ጋቢ አለ። ውሻውም ፍርፋሪ ከቀመሰ ይለመዳል። ለሦስተኛው ግን እስካሁን መድኃኒት አልተገኘም። ይህ ሰው በር አያንኳኳም። ገብቶም መጀመሪያ የሚያየው እናንተን ሳይሆን አፈራችሁን ነው። ጎንበስ ብሎ ይዘግነዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ክፉ ውጤት እንደደረሰው ሐኪም አናቱን ይነቀንቃል።

የእኛን ሰፈር የያዙት ክቡር ኦቦ ሞቱማ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በየመንገዱ ያዩትን ተክል ሁሉ በልባቸው ጭነው የመጡ ሰው።

ያገናኘችን እናቴ ናት። ሚያዝያ ላይ ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇንና ንግግሯን ወሰደባት፤ ከተማ ካለው የቀበሌ ቤቷ አውጥቼ እኔ ጋ አመጣኋት። ከአፏ የሚወጡት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ «እሺ» እና «ተወው»። የምታስታምማት የዘመዳችን ልጅ ሃዋ ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ታስቀምጣታለች። በመስኮቱ የሚታየው ደግሞ ጭቃ፣ የተረፈ ጠጠርና የብሎኬት ክምር ነው። እኔ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ነው የምመለሰው። ለመተኛት እንኳ ጉልበት ያጥረኛል። ቢሆንም አበባ ቢጤ ትይ ብዬ ሰኔ ላይ ከመንገድ ዳር ሁለት የጽጌረዳ ችግኝ ገዝቼ መጣሁ።

ኦቦ ሞቱማ ከኋላዬ ገቡ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ማን ሸጠልህ?»

«መንገድ ዳር ነው።»

«ጽጌረዳ ሙሽራ ናት። ግረዙኝ አለ፣ መድኃኒት ርጩልኝ አለ፣ ፍግ አምጡልኝ አለ። አንተ ሙሽራ የመያዝ አቅም አለህ?»

ያኔ አንዱ ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቶ ነበር። «ታዲያ ምን ልትከል?» አልኳቸው። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ትልቁ ይኼ ጥያቄ ነው።

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ቀድደው የዓመቱን ዕቅድ ጽፈው መጡ። «አንድም ወር መስኮቱ ባዶ አይሆንም። ለክረምቱ ካላ፤ ነጭ ናት፣ ጭቃ ትወዳለች። ለመስከረም ዳህሊያ፤ ውርጭ ቢመታት ሥሯ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ለበጋው ሬት፤ ውሃ ካበዛህበት ይቀየምሃል። ከአጥሩ ጥግ የጥብስ ቅጠል፤ ሰማያዊ አበባው ንብ ይጠራል፣ አንተ ደግሞ ጥብስህን ትበላለህ። ከግድግዳው ሥር ጀራኒየም። በልግ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ከመሬት ዱብ የሚል ቀይ ኳስ የመሰለ አለ።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ስሙ ምን ያደርግልሃል? ይወጣል! ተክለህ ርሳው!»

መርሳት ግን አልተፈቀደልኝም። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ዶማ ይሰማል። ታክሲ ውስጥ ካገኙኝ ከኋላ ወንበር ስለ ፍሳሽ ያስተምሩኛል። ባለሱቁ አብዱረዛቅ በዘይት ጀሪካን የተከለውን ሬት፣ ሳሙና ሊገዙ በገቡ ቁጥር ወደ ፀሐይ እያዞሩ የሱቁን በር ዘግተውበታል። አንድ ቀን ጫንጮ ለቅሶ አብረን ሄድን። ድንኳን ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ስብር ባለ ድምፅ «ዳህሊያዋን እንጨት አላስደገፍካትም» አሉኝ። አጠገባችን የነበሩ ሴትዮ አዘኑልኝና «አይዞህ ልጄ፣ በጣም ትቀርብህ ነበር?» ብለው ሶፍት ሰጡኝ።

ህዳር መጨረሻ ላይ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ ትናንት ቀይ የነበረው ጀራኒየም እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል። ያን ሳምንት በደንብ አልተኛሁም ነበር። ኦቦ ሞቱማ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ባረቅኩባቸው።

«ተክለህ ርሳው አላሉኝም? ይኸው ረሳሁት! እባክዎ ኦቦ፣ ግቢዬን ይተዉልኝ!»

 ዞረው ወጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የግቢውን በር ከኋላቸው ዘጉት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። እሑድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሃዋ «እማማ ምሳ እምቢ እያሉ ነው» አለችኝ። በሦስተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሻይ እያጠጣኋት እናቴ ከንፈሯን ታግላ፣ ታግላ፣ «ሞ... ሞቱማ» አለች።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሃዋ መሬት መሬት ታያለች።

«በየቀኑ ይመጡ ነበር» አለች። «አንተ ከወጣህ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ። አትክልቱን ውሃ ያጠጡና መስኮቱን ያስከፍቱኛል። አበባ አበባውን እያሳዩ እማማን ‹ይሄ ማነው?› ይሏቸዋል። መጀመሪያ ዝም ይሉ ነበር። አንድ ቀን ‹ካላ› አሉ። ከዚያ ‹ዳህሊያ›። በኋላ ኦቦ ሆን ብለው ስሙን ሲያሳስቱ እማማ ‹አይደለም!› ብለው ይቆጧቸዋል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትመጣ ትተኛለህ።»

አትክልቱ እኔ ረስቼው፣ በራሱ የለመለመ ነበር የመሰለኝ።

ቤታቸው ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ጠይቄ አገኘሁት። በሰው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ማንኪያ አፈር የለም። ኦቦ ሞቱማ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ጀራኒየሙን ነቀልከው?»

«አልነቀልኩትም።»

«ጎበዝ። የጠቆረውን ብቻ ቁረጠው። ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተወው ባክህ። ደክሞህ ነው።»

ዙሪያውን አየሁና «እዚህ ምንም አልተከሉም?» አልኳቸው።

«አከራዬ ሲሚንቶ ይወዳል» አሉና ሳቅ አሉ።

«እናቴ ጠርታዎታለች።»

«ማን?»

«እናቴ። በስምዎ።»

 ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጃኬት ደርበው፣ የሱፍ ኮፍያቸውን አጥልቀው ወጡ።

ሃዋ መስኮቱን ከፍታ ጠበቀችን። እኔ የጠቆረውን ጀራኒየም ልቆርጥ መቀስ አነሣሁ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሬቱ የመጀመሪያውን ቀይ አበባ አውጥቷል፤ እኔ በየጠዋቱ አጠገቡ እያለፍኩ አላየሁትም። ኦቦ ሞቱማ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱና ወደ ሬቱ ጠቆሙ።

«ይሄ እንግዲህ ካላ ነው፣ አይደል እመቤቴ?»

እናቴ ሬቱን አላየችም። ራሰ በራ አናታቸውን ረጅም ጊዜ አየች። 

«ኮፍያዎን... ያድርጉ። ብርድ ነው።»

ኦቦ ሞቱማ ኮፍያቸውን አደረጉ። ሃዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከስምንት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ለእኔ አልነበረም። መቀሱን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ... ምን ይገትርሃል? ወንበር አምጣላቸው!»

ሮጥኩ።