ፋዘር አይደለሁም

ሰው በየዕድሜው መጠሪያው ይለዋወጣል። ማሙሽ ትባላለህ፣ ወንድሜ ትባላለህ፣ ጋሼ ስትባል ደግሞ እንደተሾመ ሰው ደረትህን ነፋ ታደርጋለህ። ከዚያ ሽበትህን ያየ ባለባጃጅ አጠገብህ ይቆምና "ፋዘር፣ ይግቡ!" ይልሃል። አለቀ!

እዚህ ሐዋሳ ፋዘር የማይባል ሽበታም የለም። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡልኝ፣ ፒያሳ ጫማዬን የሚጠርጉልኝ፣ ሁሉም ልጆቼ ናቸው። አባት እኮ ትልቅ ቃል ነው ጎበዝ! ያሳደገ፣ የቀጣ፣ ልጁ ሲታመም እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው አባት። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ሆዴን ቅር ይለዋል።

በየጠዋቱ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ባለባጃጅ በረከት ይባላል። አንድ ቀን ፋዘር ማብዛቱ አንገሸገሸኝና "ለመሆኑ መቼ ነው የወለድኩህ?" አልኩት።

ባጃጁን ጥግ አስያዘ። "ይቅርታ ፋዘር። እናትና አባቴ በልጅነቴ ነው ያረፉት" አለኝ። እኔ በኀፍረት ምድር ልትውጠኝ ደርሳለች፤ እሱ ግን ቀጠለ። ቱላ የምትኖር ልጅ ሊያገባ አስቧል፤ ከቸርች ሁለት ሽማግሌዎች አግኝቷል፤ አንድ ይጎድለዋል። "እርስዎ ይሂዱልኝ፤ የልጅቷ አባት እምቢ ካሉኝ አለቀልኝ።"

ለሽምግልና ተለምኖ እንዴት እምቢ ይባላል? ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ።

እንደ ደንቡ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለን ቆምን። የልጅቷ አባት ከላይ እስከ ታች አዩንና የፈራነውን ጥያቄ ጠየቁ።

"ልጁ የማን ልጅ ነው?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በተረትና ምሳሌ የታሸ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ከአፌ ጠፋ።

"የኔ" አልኩ።

ሰውየው ፈገግ አሉ። "ወላጆቹ በሕይወት እንደሌሉ ልጄ ነግራኛለች። እኔ የጠየቅሁት ነገ ቢጣሉ የማንን በር እንደማንኳኳ ነው። በሉ ተቀመጡ።"

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ ተደገሰ። ሠርጉ አማረ፤ እኔም በአባት ወንበር ተቀምጬ መረቅሁ። በማግስቱ ሰኞ በረከት ሙሽራነቱን ትቶ፣ ባጃጁን አጥቦ በሬ ላይ ጠበቀኝ።

"ጋሼ፣ ይግቡ" አለኝ።

"ፋዘር የት ሄደ?"

"እርስዎ አይወዱትማ! ከእንግዲህማ አክብሬ ነው የምጠራዎት።"

ትምህርት ቤት እስክንደርስ አኮረፍኩት።