አሮጌውን መልስ፣ አዲሱን ውሰድ

የመንግሥት ቢሮ አጥብቆ የሚፈራው ሰው ማን መሰላችሁ? ሁለት እስክሪብቶ ያለው ሠራተኛ ነው። አንድ ይሰጥሃል፤ ሁለተኛው ካማረህ የመጀመሪያውን ጨርሰህ ሬሳውን ይዘህ ንብረት ክፍል ትቀርባለህ። ካርቦንም እንደዚያው፣ አምፑልም እንደዚያው። ይሁን፤ የተቃጠለ አምፑል ተቃጥሏል። ግን ይህን ደንብ በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ? እስቲ ፍረዱኝ!

አሰላ ያለው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ያገኘው ዓምና ነው። ከኔ በቀር የደፈረው የለም። እኔም ብሆን መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ስለዚህ ትንሽ ላስረዳችሁ፣ አትሰልቹ። ስክሪን ላይ የምታዩት ጽሑፍ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የአሰላን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የሚተርፈው ዲስክ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው። ዲስክ ማለት ከመዳፍ ሰፋ ያለች፣ ጥቁር፣ ስስ፣ አራት ማዕዘን ነገር ናት። እሷም ትታጠፋለች፣ ትቧጨራለች፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው በሌላ ዲስክ ግልባጭ ይይዛል። ለተራ ደብዳቤ ሦስት ግልባጭ የሚጠይቅ ቢሮ ይህ እንዴት ይጠፋዋል?

በኔ ዲስክ ላይ የነበረው የሠላሳ አንድ ሠራተኛ የዝውውር ጥያቄ ነው። አንዷ የበቆጂ ቅርንጫፋችን ጸሐፊ የሺ ናት፤ ባሏ ደሴ፣ እሷ በቆጂ ብርድ ውስጥ፣ ይኸው አራት ዓመት። ዝርዝሩ ዓርብ አዲስ አበባ ካልገባ ለከርሞ ነው። ወረቀቶቹስ? ኃላፊያችን፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ወረቀቱ ምን ይሠራል፣ ቦታ አጣበበ ብለው አስቃጥለውታል።

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛ ዲስክ ልጠይቅ ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ጋሼ ሞገስ ሄድኩ። ከደብረ ማርቆስ ተመድበው መጥተው በዚያች መስኮት አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጡ ሰው ናቸው። አሮጌውን አምጣ አሉኝ። አላረጀም አልኳቸው። ካላረጀ አዲስ ምን ያደርግልሃል አሉኝ። ግልባጭ ልይዝበት ነው ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ግልባጭማ በካርቦን ነው» ብለው ሳቁብኝ።

እንግዲህ የማስረዳት በሽታዬ ተነሣ። ሮጬ ዲስኩን አመጣሁና፣ ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩዋት ብዬ በመስኮቱ አቀበልኳቸው። ገለባብጠው አዩዋት። ምንም አልተጻፈባትም አሉ። እዚህ ላይ፣ የእርስዎም ጥያቄ እዚችው ውስጥ ነው ማለት ነበረብኝ። እሳቸውም ደብረ ማርቆስ የታመሙ እናታቸው ዘንድ ለመሄድ ካመለከቱት አንዱ ናቸውና። እኔ ግን ጽሑፉ እንዴት በማግኔት እንደሚያዝ ከማስረዳት ጀመርኩ። ማግኔቱን ሳልጨርስ መቀስ አነሡ።

ቀጭ!

ተመላሽ ዕቃ ተመልሶ እንዳይወጣ ይቆረጣል፤ መመሪያ ነው። ሁለቱን ግማሽ በላስቲክ አስረው መሳቢያ ከተቱ። አዲሱን ዲስክ ሰጡኝና፣ «እዚህ ጋ ፈርም፣ ጓድ» አሉኝ።

እየጮህኩ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ጋሼ ሞገስ እንደ ደንቡ ነው የሠሩት አሉ። ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? አንተ የተማርክ ልጅ ሆነህ ግልባጭ ለምን አልያዝክም!

በቆጂ ደወልኩ። የሺ ብትሰድበኝ በወደድኩ። «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ማመልከቻዎቹን እንደገና ማሰባሰብ የሁለት ቀን ሥራ አልነበረምና ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ጋሼ ሞገስ፣ ከመስኮታቸው ወጥተው የማያውቁት ሰውዬ፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ዝርዝሩ ሄደ ወይ፣ እናቴ ብሶባታል አሉ። ንዴቴ አልበረደም ነበርና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ መቀሱንም፣ የተቃጠለውንም ወረቀት፣ የራሳቸውንም ስም። ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ፤ በላስቲክ የታሰሩትን ሁለት ግማሾች ፊቴ አስቀመጡና ማንም እንዳይሰማቸው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ የኔ ስም ያለው በየትኛው ግማሽ ላይ ነው?»