ሰዓት ጠጋኙ ከኮምፒዩተሩ እጅ በአቻ እንደ ወጡ

የሳሎኑ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት በጀመረበት ዓመት፣ የቤቱ እመቤት ሶፋውን ከግድግዳው ወደ መስኮቱ ባዛወሩበት በዘመነ ሶፋ፣ ጣታቸው የማይንቀጠቀጥ፣ መነጽራቸው ከግንባራቸው የማይወርድ፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፈው አንድ ጊዜም ያላመኑት ኃያሉ ሰዓት ጠጋኝ ኮምፒዩተሩን በቼዝ ሊገጥሙ ተነሡ።

ከእርሳቸውም ጋራ የተሰለፉት እነዚህ ነበሩ፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከነገመዱ፣ ገመዱ እንዳይነቀል በእግሯ ረግጣ የያዘች ሴት ልጃቸው፣ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ፣ ከእግሩም ሥር የታጠፈ ካርቶን፣ ለማሾፍም የመጣ የእመቤቲቱ ወንድም። ይህ አማች ፕሮግራሙን የጫነ፣ የጨዋታ መጨረሻዎችን መልስ የያዙትን ትልልቅ ፋይሎችም ያስገባ እርሱ ነበርና፣ ጥቂት ጠጠር ብቻ ሲቀር ማሽኑ ማሰብ እንደማያሻው፣ ከፋይሉ አይቶ እንደሚገድል ሲመካ ከረመ።

ሰዓት ጠጋኙም አወጁ፤ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ዛሬ ብረታ፣ አባቴ ያወረሰኝ የቼዝ ሰሌዳ ለአማቼ ይሁን።» ካወጁ በኋላም ፈሩ፤ ሰሌዳውን ይወዱት ነበርና።

ወእምዝ ውጊያው ጸና፤ ወታደሮች አለቁ፤ ለማሽኑ ከንጉሡ ጋራ ፈረስና ጳጳስ ሲቀሩለት፣ ለእርሳቸው ብቸኛው ንጉሣቸው ቀረ። አማችየውም ሰሌዳውን የሚያኖርበትን መደርደሪያ በልቡ ጠረገ። ማሽኑ ግን እንደ ልማዱ ፋይሉን ቢሻ አጣው፤ አጣሁም አላለ፤ መንገድ ጠፍቶት መጠየቅ እንዳፈረ ሰው ዝም ብሎ በገዛ ግምቱ ሄደ። ፈረሱ ወጣ፣ ፈረሱ ተመለሰ፣ ጳጳሱ ዞረ፣ ነገሩ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ፤ ብቸኛውም ንጉሥ ከጥግ ሲሸሽ፣ ሳይበላላ ሃምሳ ጊዜ ከተሄደ አቻ ነው የሚለው ሕግ ደረሰለት።

ሰዓት ጠጋኙ በደስታ ሲያለቅሱ እመቤቲቱ ከጓዳ ብቅ ብለው አወጁ፤ «ለልጄ የምርቃት ቪዲዮ ቦታ ባጣ፣ ምን እንደሆኑ ያላወቅኳቸውን ትልልቅ ፋይሎች ትናንት አጥፍቻቸዋለሁ። ምን አላችሁ?»

አማችየው ሳቀ፣ ልጂቱም እግሯን ከገመዱ አነሣች። እርሳቸው ግን ጥቂት አስበው፣ ሰሌዳቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፤ «ያንን ፋይል የመለሰ ይህን ደጅ አይርገጥ!»

እነሆ፣ ማሽኑ ባለማወቁ ያመለጡ፣ ሚስታቸው ባለማወቃቸው የዳኑ፣ ሳያሸንፉ ያልተሸነፉ ስመ ጥር ሰዓት ጠጋኝ፣ ዘመናቸው እንደዚያ የምርቃት ቪዲዮ ይርዘም።