ሻሽ ያሰረው ካሜራ

ማየት የሚያድን ይመስለናል። ቤት ዘግተን ስንወጣ ለጎረቤት «አደራ፣ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ብለን ልባችን ረግቶ እንሄዳለን። ሌባ የገባ ቀን ጎረቤቲቱ «አይቼው ነበር እኮ፤ ዘመዳችሁ መስሎኝ» ትላለች። አልዋሸችም፤ አይታለች። ማየትና ማስቆም ለየብቻ ሰው የሚቀጠርላቸው ሥራዎች መሆናቸውን የነገራት ሰው የለም እንጂ።

ይህን የምላችሁ እኔ እንጀራዬ ዓይን መትከል ስለሆነ ነው። ካሜራ እተክላለሁ። በሱቅ፣ በመጋዘን፣ በትምህርት ቤት፤ አንዴም ሚስቱን በጠረጠረ ባል ሳሎን (ይህችን ለማንም አትንገሩ)። ሁሉም ደንበኞቼ ካሜራው የተተከለ ዕለት አንድ ዓይነት እንቅልፍ ይተኛሉ። እኔም የምሸጠው ያንን እንቅልፍ ሳይሆን አይቀርም።

ላሊበላ የሄድኩት ለታወር ክሬን ካሜራ ልተክል ነው። ሆቴል ይሠራል ተባልኩ። ላሊበላ ዛሬ የጎደላት እንግዳ እንጂ ሆቴል አይደለም፤ ያሉት ሆቴሎች አንሶላ የሚቀይሩት ሰው ስለተኛበት ሳይሆን አቧራ ስለተኛበት ነው። ባለሀብቱ ግን እንግዳው ይመለሳል ብሎ አምኗል። በእምነት ደግሞ በዚያ ከተማ ማንም ማንንም አይከራከርም።

ክሬኑ ተቆራርጦ በጋሸና በኩል በመኪና መጣ፤ ተቀጣጥሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። የከተማው ሰው ወጥቶ አንጋጦ አየው። አያቶቻቸው አለቱን ወደ ታች እየፈለፈሉ የሠሩ ሰዎች፣ ወደ ላይ የሚሠራ ነገር ብዙም አያስደንቃቸውም። ትንሽ አዩት፤ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

በዚያ ሳይት ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከድር፣ የክሬኑ ኦፕሬተር፣ የሐይቅ ልጅ፤ ቀኑን ሙሉ በሰማይ ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይውላል። ሌላው አያ መልኬ፣ ምልክት ሰጪ፣ የላስታ ሰው፤ ወገቡ ላይ ሬዲዮ ቢታጠቅም ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ያወራል። ከድር እየተሠራ ካለው ግንብ ጀርባ ያለውን ማየት አይችልም። አያ መልኬ ደግሞ መንጠቆውንም ከድርንም የሚያይበት ቦታ ይቆማል። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ነው ብረቱ በሙሉ የሚንሳፈፈው።

አያ መልኬ ምሳ ሰዓት ላይ ምልክቶቹን አስተማረኝ። ጣት ወደ ላይ ቀስሮ ማዞር «አንሳ» ነው። መዳፍ ወደ ታች «አውርድ» ነው። አንድ ክንድ ወደ ጎን ዘርግቶ ማወዛወዝ «ቁም» ነው። ሁለቱንም ክንድ ዘርግቶ ማወዛወዝ ግን ሌላ ነው።

«በአንድ እጅ ቁም ስለው ይኼ አያምንም፤ ክላክስ አድርጎ 'ለምን?' ይለኛል» አለ፣ ከድርን በአገጩ እያመለከተ። «ሁለት እጅ ግን ለምን የለውም።»

«ወላሂ፣ አያ መልኬ ሁለት እጁን ከዘረጋ እኔ ትንፋሼንም ነው የማቆመው» አለ ከድር።

«ትንፋሽህንስ አታቁም። ጭነቱን ማን ያወርደዋል?»

ደወል ሲደወል አያ መልኬ ያማትባል። ግን በመጀመሪያ ክንዱን ዘርግቶ ጭነቱን ያቆማል፤ ከዚያ ነው የሚያማትበው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ብረት በሰው ራስ ላይ አንጠልጥሎ ማማተብ ጸሎት አይደለም፣ ፈተና ነው» አለኝ። ከድርም እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሥራ ባልደረባ ኖሮኝ አያውቅም።

ካሜራውን በክሬኑ ክንድ ላይ ወዲያ ወዲህ ከሚለው ጋሪ ሥር፣ ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ አሰርኩት። ምስሉ ከድር ፊት ባለ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ በኔትወርክ ደግሞ አዲስ አበባ ወዳለው ሥራ አስኪያጅና ወደ እኔ ስልክ ይሄዳል። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነገር ነው። ከድር ከግንቡ ጀርባ ያለውን መጀመሪያ ያየ ቀን «ሱብሃነላህ» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። አያ መልኬም ስክሪኑን ለማየት ያን ሁሉ መሰላል ወጥቶ፣ «አሁን ሁለት ሆንን» ብሎ ተደስቶ ወረደ።

ሁለት የሆኑት ለአንድ ሳምንት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ሆኖ ምስሉን ሲያይ ሰንብቶ ደወለልኝ። «ካሜራ ካለን ያ እጁን የሚያወናጭፈው ሰውዬ ምን ይሠራል? የቴክኒክ አስተያየትህን ጻፍልኝ» አለ። ጻፍኩለት። አንድ መስመር ናት። «ካሜራው የምልክት ሰጪውን ሥራ ሊሸፍን ይችላል።» ይችላል። አዎ ማለት አይደለም፣ አይደለም ማለትም አይደለም። በማግስቱ አያ መልኬ ከግንቡ ጀርባ ወርዶ ጭነት አሳሪ እንዲሆን ተነገረው፤ ሬዲዮኑንም ተቀበሉት።

«ዓይን መጣ፣ እጅ ወረደ» አለ። እውነትም ወረደ።

ቀጥሎ መሪጌታው መጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው። ከገደሉ ሥር ጠበል አለ። ሴቶች ከማለዳ እስከ ሦስት ሰዓት ይጠመቁበታል። ታወር ክሬን ደግሞ ሥራ ሲያቆም ፍሬኑ ይለቀቅለታል፤ ነፋስ ሲመታው እንዳይወድቅ እንደ ልቡ ይዙር ተብሎ ነው። የላስታ ነፋስ ክንዱን አዙሮ ካሜራዬን በጠበሉ አናት ላይ አቁሞት ያድራል።

«ልጄ፣ እናቶቻችን ሲጠመቁ ከላይ የሚያያቸው ምንድን ነው?»

«መሪጌታ፣ ሆን ብለን አላዞርነውም። የሚያዞረው ነፋሱ ነው።»

«ነፋሱንስ የፈጠረው እግዜር ነው፤ እሱ ይያቸው። ካሜራውን ማን ፈጠረው?»

እናንተ ምን ትመልሱ ነበር? 

ተሸመገለ። እስከ ሦስት ሰዓት ካሜራው ተሸፍኖ እንዲቆይ፣ ክሬኑም ከዚያ በፊት እንዳይሠራ ተስማማን። ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ፣ ማሰሪያ ያላት ጥቁር ከረጢት ሰፋልን፤ ከድር ማታ ሲወርድ ያለብሰዋል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይገልጠዋል። «ሻሽ አሰርንለት» እያለ ይስቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ስምምነቱን ሲሰማ ግማሹን ብቻ ወደደው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ክሬን ሥራ ይፈታል? ካሜራውን ሸፍኑ ተባላችሁ እንጂ ክሬኑን ሸፍኑ ያላችሁ አለ?»

እንዲህ ሆኖ ሁሉም ደስ አለው። መሪጌታው፣ ካሜራው ተሸፍኗል። ሥራ አስኪያጁ፣ ክሬኑ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። የደኅንነት ቅጹ፣ «ካሜራ አለ ወይ?» በሚለው ፊት ምልክት ተደርጓል። በዚህ ሁሉ እርቅ መሐል ያልተጠየቀው ጭነቱ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ካሜራውም አያይም፣ አያ መልኬም ከቦታው የለም።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ሻንጣዬን ስዘጋ ከድር መጣ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«ጠዋት ጠዋት አያ መልኬን መልስልኝ። ፎርማኑ በስልክ 'አንሳ' ይለኛል፤ እሱም ከግንቡ ወዲህ ነው ያለው፣ አያይም። እኔ ጥቁር ጨርቅ እያየሁ ነው የማነሳው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

ነገርኳቸው? ነግሬያቸዋለሁ። «የጠዋቱ ሰዓት ሁኔታ ቢታሰብበት መልካም ነው» ብዬ መልእክት ላክሁ። ቢታሰብበት! ኃላፊነት ሳይቆረቁረው የሚተኛበት እንዲህ ያለ ለስላሳ ትራስ አለን። መልስ አልመጣም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከግንቡ ጀርባ የፌሮ እስር ሊነሳ ነበር። አያ መልኬ ሰንሰለቱ ስለተጣመመበት እያስተካከለ ነው። ፎርማኑ ከግንቡ ወዲህ ሆኖ በስልክ «ታስሯል፣ አንሳ» አለ። ከድር ስክሪኑን አየ፤ ጥቁር ነው። አነሳ። ሰንሰለቱ ሲወጠር የአያ መልኬን ቀኝ እጅ ከፌሮው ጋር አብሮ ያዘው። ጮኸ፤ ነፋሱ ድምፁን ወደ ገደሉ ወሰደው። ሁለቱን ክንዶቼን ልዘርጋ እንዳይል አንዱ ተይዟል፤ ቢዘረጋስ ማን ሊያየው? አብረውት የነበሩት ከግንቡ ጀርባ ሮጠው ወጥተው እጃቸውን ሲያርገበግቡ ነው ከድር ያቆመው።

ነፍሱ ተረፈች። እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቀረጻውን ይዤ እንድቀርብ ተጠራሁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩላቸው። የጥቁር ጨርቅ ምስል ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት የክሩ ድርና ማግ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁላችንም አየነው። አንዱ አባል «የምስሉ ጥራት ግን ጥሩ ነው» አለ። 

ውሳኔው ተጨማሪ ካሜራ ይተከል የሚል ሆነ፤ ጀርባውን ለጠበሉ፣ ፊቱን ለግቢው የሰጠ። ምልክት ሰጪ ይመለስ ያለ አልነበረም። እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ።

ሁለተኛውን ካሜራ የተከልኩት እኔ ነኝ። ከድርን አላገኘሁትም፤ «ያላየሁትን ሁለተኛ አላነሳም» ብሎ ወደ አገሩ ሄዷል። አያ መልኬን የበር ጥበቃ አድርገውታል። ሰላም ስለው ግራ እጁን ሰጠኝ።  ቢሰድበኝ ምናለ?

አሁን የግቢው ምስል በየጠዋቱ ስልኬ ላይ ይመጣል። ክሬኑ ጭነት ሊያነሳ ሲል፣ በምስሉ ጥግ አንድ ሰው ከበርጩማው ይነሳል። ሁለት ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ እጅጌ። ያወዛውዛቸዋል። ጭነቱ እስኪያርፍ አይቀመጥም።

ባለፈው አዲሱ ኦፕሬተር ደወለልኝ። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ስለ ስክሪኑ ነበር። ያ ዘበኛ ጭነት ላነሳ ስል ሁሌ ይነሳና እጁን ያወዛውዛል። ምን ማለቱ ነው? ሰላምታ ነው?»

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። መልሱን አጥቼው አይደለም። ግን ለመመለስ ከአንድ መስመር መጀመር ነበረብኝ፤ «ይችላል» ከምትለው። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ገፋ አደረገችኝ።

«አዎ» አልኩት። «ሰላምታ ነው።»

ደግ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ፎርማኑ እንደነገረኝ፣ በየጠዋቱ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ጢጥ ጢጥ አድርጎ ሰላምታውን ይመልስለታል። ከዚያ ያነሳል።