ክሩፑክና የመስኮቱ አልጋ

ያን ቀን በኢንዶኔዥያዋ ከተማ በቦጎር ከንጋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ጠንከር ብሎ አይዘንብ፣ አያባራ። ትናንት ያሰጣሁት አንሶላ እንኳ ሳይደርቅ ገመዱ ላይ ተንዘልዝሏል። የነጻነት በዓል ስለሆነ የአረጋውያኑ ቤት በረንዳ በቀይና ነጭ ወረቀት አጊጧል።

በሴቶቹ ክፍል የመስኮቱ አልጋ ባዶ ነበር። ስትተኛበት የነበረችው ሴትዮ ልጇ ጋ ሄዳለች። የቤቱ ኃላፊ፣ «በበዓሉ ጨዋታ ያሸነፈች ትውሰደው» አለች። አልጋውን የፈለጉት ሁለት ናቸው። አንዷ ቡ፣ ማለትም እሜቴ ኩራይሲን ናት፤ የቀድሞ የሰፈር ሊቀመንበር ሚስት፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ አዲስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያስገባች። ሌላዋ ማክ፣ ማለትም እማማ ኦዮ ናት፤ አንድም ጥርስ የላትም፣ ነገርም ቶሎ አይገባትም ይሏታል። እኔ የቤቱ ወጥ ሠሪ ነኝ። የወጥ ቤቱ መስኮት በረንዳው ላይ ስለሚከፈት ሁሉንም ሰምቻለሁ።

[በረንዳ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ ሁለት ክሩፑክ በሲባጎ ተንጠልጥለዋል፤ ከካሳቫ ዱቄት የተጠበሱ፣ ሲነከሱ ቀጭ የሚሉ፣ ነጫጭ፣ እንደ መዳፍ የሰፉ። ሌሎቹ አሮጊቶች በወንበር ተደርድረዋል።]

ኩራይሲን፦ ማን ስቀይ አለሽ? ጨዋታው ሳይጀመር ማን ስቀይ አለሽ ነው የምልሽ!

ኦዮ፦ እርስዎ ነዎታ። «በጊዜ አዘጋጂ» ብለውኝ።

ኩራይሲን፦ ወንበሩን ነው ያልኩሽ!

ኦዮ፦ ወንበሩንማ መስቀል አቃተኝ።

ኩራይሲን፦ ኧረ እኔስ ከማን ጋር ነው የጣለኝ! ተይው፣ ከተሰቀለ ተሰቀለ። የክሩፑኩን ጣሳ ክዳን ግን ግጠሚ። የተረፈው ለምሳ ነው።

ኦዮ፦ ገጥሜ ተቀምጬበታለሁ።

ኩራይሲን፦ ከጣሳው ላይ ውረጂ!

ኦዮ፦ [ወርዳ ወንበሯ ላይ እየተቀመጠች] ግን ቡ ኩራይሲን፣ ሰሃን ጠፍቶ ነው?

ኩራይሲን፦ የምን ሰሃን?

ኦዮ፦ በገመድ የምንበላው።

ኩራይሲን፦ ይኼን ሁሉ ዘመን ስትኖሪ ይህን ጨዋታ አላየሽም? እጅሽን ወደ ኋላ ታደርጊያለሽ። በአፍሽ ብቻ ታሳድጂዋለሽ። ቀድማ የጨረሰች ታሸንፋለች። በቃ!

ኦዮ፦ እጄን ወደ ኋላ የት?

ኩራይሲን፦ ከጀርባሽ!

ኦዮ፦ ከጀርባዬ ወንበሩ አለ።

ኩራይሲን፦ ከወንበሩ ጀርባ!

ኦዮ፦ እሺ። አፍንጫዬን ቢበላኝስ?

ኩራይሲን፦ ይብላሽ።

ኦዮ፦ ዝንብ ብታርፍብኝስ?

ኩራይሲን፦ ትረፍ! እጇን ያነሳች፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ተሸናፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሰፈሬን የዳኘሁት በዚህ ሕግ ነው። አንዱ ሱሪው ወለቀበትና እጁን ቢያነሳ፣ ወዲያው አባረርኩት።

ኦዮ፦ ሱሪውን?

ኩራይሲን፦ ሰውየውን!

ኦዮ፦ ያለ ሱሪው?

ኩራይሲን፦ [ወደ ሰማይ እያየች] ጌታዬ፣ ትዕግሥት ስጠኝ።

ኦዮ፦ ፊኛ መቀባበሉ አይሻልም ነበር? ተቀምጦ ነው፣ ሁሉም ይጫወታል። አምና ሳቅን እኮ።

ኩራይሲን፦ ፊኛ የሕፃን ነው።

ኦዮ፦ ቀለበት ጠርሙስ አንገት ላይ መወርወሩስ?

ኩራይሲን፦ ወገቤን ያመኛል።

ኦዮ፦ ዘፈኑን ሲያንጎራጉሩልን ስሙን የምንገምተው?

ኩራይሲን፦ እሱንማ አንቺ ሁሉንም ታውቂዋለሽ... ማለቴ፣ አሰልቺ ነው። ኃላፊዋ «ጨዋታውን አንቺ ምረጪ» አለችኝ፣ መረጥኩ። [አዲሱን ጥርሷን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች።]

ኦዮ፦ እኔ እኮ ጥርስ የለኝም።

ኩራይሲን፦ እውነትም! በጣም ያሳዝናል።

ኦዮ፦ ያሳዝናል።

ኩራይሲን፦ ለመሆኑ አልጋው ምን ያደርግልሻል? ስትተኚ ዓይንሽን አትጨፍኚም?

ኦዮ፦ ዴደን በዚያ መንገድ ያልፋል።

ኩራይሲን፦ ልጅሽ?

ኦዮ፦ አዎ፣ ሚኒባስ ይነዳል። መቆም አይችልም፣ ተሳፋሪው ይጮህበታል። ስለዚህ ክላክስ አድርጎልኝ ያልፋል። የኔ አልጋ ደግሞ መጸዳጃው ግድግዳ ሥር ነው። ክላክስ እሰማለሁ፣ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ቦጎር ውስጥ የሚኒባስ ክላክስ አያልቅም። ለሁሉም እጄን አውለበልባለሁ።

ኩራይሲን፦ ለማን ነው የምታውለበልቢው?

ኦዮ፦ ለግድግዳው።

[ኩራይሲን ወደ መንገዱ ትንሽ ታያለች። ብዙም አይደለም።]

ኩራይሲን፦ እኔ ደግሞ ነፋስ ያስፈልገኛል። ሐኪሙ ነው ያዘዘልኝ። [ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዘም።] በይ ተዘጋጂ፣ ፊሽካው ይነፋ!

ኦዮ፦ መዝሙሩስ?

ኩራይሲን፦ የምን መዝሙር?

ኦዮ፦ የነጻነት በዓል አይደለም እንዴ? እርስዎ ሰፈር ሳይዘመር ነበር የሚበላው?

ኩራይሲን፦ [ተነክታ] እኔ ሰፈር? እኔ ሰፈር ሳይዘመር ውኃ እንኳ አይጠጣም ነበር! ተነሱ! መነሳት የምትችሉ ተነሱ!

[ይዘመራል። ግማሹ ግጥሙን ረስቷል፣ ግማሹ ድምፁ አይወጣም። ኩራይሲን ለሁሉም ትዘምራለች። ሊያልቅ ሲል ኦዮ እጇን ታነሳለች።]

ኩራይሲን፦ አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?

ኦዮ፦ [ወደ አንዷ አሮጊት እየጠቆመች] ማክ ኢቺህ ተኝታ ነበር። አሁን ገና ነቃች።

ኩራይሲን፦ እንኳን ነቃች። ከደረስንበት ትቀጥል።

ኦዮ፦ መዝሙር ከመሐል ይጀመራል? እኔ ምን አውቄ፣ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

ኩራይሲን፦ [አሮጊቶቹን ቃኝታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ] አይጀመርም። ከመጀመሪያው! አንድ፣ ሁለት!

[ይደገማል። ነፋሱ ካፊያውን እያነሳ በረንዳው ላይ ይረጨዋል። ክሩፑኮቹ ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ።]

ኩራይሲን፦ አሁን ፊሽካ!

ኦዮ፦ የእርስዎ ሲባጎ አላጠረም?

ኩራይሲን፦ ምኑ?

ኦዮ፦ ከፍ ብሎብዎታል መሰለኝ። የኔ ዝቅ ብሏል። ኋላ «ቡ ኩራይሲን አጭበረበሩ» ሳይሆን «ማክ ኦዮ አጭበረበረች» ይሉኛል። ስሜ ይጠፋል።

ኩራይሲን፦ ቆይ እስቲ። [በስንዝር ትለካለች።] እኩል ነው።

ኦዮ፦ ከአፍ ነው ወይስ ከአገጭ የሚለካው?

ኩራይሲን፦ ከአፍ!

ኦዮ፦ ከተከፈተ አፍ ወይስ ከተዘጋ?

ኩራይሲን፦ [ሲባጎዋን ፈታ እንደገና ታስራለች] ያንቺን አፍ የሚዘጋ በተገኘ!

ኦዮ፦ ተስተካከለ። እንግዲህ ንግግሩ ብቻ ቀረ።

ኩራይሲን፦ ንግግር የለም።

ኦዮ፦ ልክ ነዎት። ንግግርስ ባለቤትዎ ነበሩ የሚችሉበት፤ ነፍሳቸውን ይማር። የእሳቸውን ንግግር የሰማ ሰው ሌላ መስማት አያምረውም ይሉ ነበር።

ኩራይሲን፦ ባሌ? ያን ሁሉ ንግግር ማን አስጠንቶት ይመስልሻል? ስሙን ሲጠሩት እንኳ ወደ እኔ ነበር የሚዞረው! [ወደ አሮጊቶቹ ዞራ] የተከበራችሁ እናቶች!

[ንግግሩ ረጅም ነው። ስትጀምር ሩዙን ጣድኩ፣ ስትጨርስ አወረድኩ። ማክ ኢቺህ እንደገና ተኝታለች።]

ኦዮ፦ [እያጨበጨበች] እንዲህ ነው ንግግር! በቃኝ፣ አሁን ሁሉም ገባኝ።

ኩራይሲን፦ ተመስገን! እጅ ወደ ኋላ!

[ኃላፊዋ ፊሽካ ትነፋለች። ኩራይሲን ክሩፑኩን በአንድ ጊዜ ግጥም አድርጋ ትነክሰዋለች። የሚጠበቀው የመሰበር ድምፅ አይሰማም።]

ኩራይሲን፦ [እንደ ነከሰች] እ? ምንድነው ይሄ?

ኦዮ፦ [ጫፉን በከንፈሯ ይዛ እየጠባች] እምም።

ኩራይሲን፦ አይሰበርም እኮ! ይለጠጣል!

ኦዮ፦ እምም።

ኩራይሲን፦ የጫማ ሶል ነው እንዴ የሰቀልሽልኝ?

[ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትጎትታለች። ክሩፑኩ ይሳባል፣ ሲባጎው ይወጠራል፣ ገመዱ ይጎብጣል። ከዚያ ቷ ይላል። ክሩፑኩ አልተበጠሰም። የኩራይሲን ጥርስ ከላይም ከታችም ወልቆ፣ ክሩፑኩን ጥርቅም አድርጎ እንደያዘ ገመዱ ላይ ይወዛወዛል።]

ኩራይሲን፦ ጥርፌ! ጥርፌን!

ኦዮ፦ [አፏን ከክሩፑኩ አላቃ] እጅዎን! እጅዎን፣ ቡ ኩራይሲን!

ኩራይሲን፦ ጥርፌ እኮ ነው!

ኦዮ፦ ቤት ቢቃጠልም ብለዋል።

ኩራይሲን፦ ይሄ ሌላ ነው!

ኦዮ፦ ሱሪ የወለቀበትን እንኳ አባረዋል።

[ኩራይሲን እጇን ወደ ኋላ ትመልሳለች። ጥርሷን በድዷ ለመያዝ ታሳድደዋለች። ወደ ግራ ስትል ወደ ቀኝ ይሄድባታል፣ አፏን ስትከፍት አፍንጫዋን ይመታታል። አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ማክ ኢቺህ ሳቁ ቀስቅሷት፣ መዝሙሩን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ኦዮ የመጨረሻዋን ጉራጅ ሳብ አድርጋ ትውጥና ባዶ አፏን ለኃላፊዋ ከፍታ ታሳያለች። ፊሽካ።]

ኩራይሲን፦ [ጥርሷን ነጥቃ ከነክሩፑኩ አፏ ውስጥ እየመለሰች] አልቀበልም! ክሩፑኩ ረጥቧል! ይደገም!

ኦዮ፦ ይረጥባል እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ላይ ተሰቅሎ?

ኩራይሲን፦ ማን ነው ታዲያ በጠዋት የሰቀለው? አንቺ አይደለሽ...

[ገመዱን ታያለች፣ ዝናቡን ታያለች፣ ማክ ኢቺህን ታያለች።]

ኩራይሲን፦ መዝሙሩ።

ኦዮ፦ ጥሩ ድምፅ አለዎት።

ኩራይሲን፦ ሲባጎው። ንግግሩ!

ኦዮ፦ ንግግሩ ነው የጠቀመኝ። እርስዎ ስለ አንድነት ሲናገሩ የኔው ጫፉ ዝቅ አለ። ስለ ንጽሕና ሲናገሩማ እንደ ገንፎ ሆነ።

ኩራይሲን፦ የጣሳውን ክዳን ግጠሚ ያልኩሽ እኔ ነኝ እኮ! ለምሳ እንዳይረጥብ ብዬ! በገዛ አፌ!

ኦዮ፦ ለዚህ አይደል ወዲያው የገጠምኩት።

ኩራይሲን፦ እኔኮ ቂል ነሽ ብዬ ነበር ጨዋታውን የመረጥኩት...

ኦዮ፦ አውቃለሁ። ጥርስም እንደሌለኝ አይተው ነበር። በጣም አሳዝኜዎት ነበር።

[ከመንገዱ የሚኒባስ ክላክስ ይሰማል። ኦዮ ምርኩዟን አንስታ እስከ ዛሬ ባላየሁት ፍጥነት ወደ ክፍሉ ትገባለች። ኩራይሲን እያጉረመረመች ትከተላታለች። ኦዮ የመስኮቱ አልጋ ላይ ተንበርክካ እጇን ታውለበልባለች።]

ኩራይሲን፦ [ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ] የትኛው ነው?

ኦዮ፦ ያ! ክንዱን መስኮቱ ላይ ያስደገፈው! አየኝ! ቡ ኩራይሲን፣ አየኝ እኮ!

ኩራይሲን፦ ከስቷል። ፀጉሩንም መቆረጥ አለበት። [በቀስታ እጇን ታወዛውዛለች። ከዚያ ፈጥና ከጀርባዋ ትደብቀዋለች።] ደግሞ የተሸነፍኩ እንዳይመስልሽ! በሚቀጥለው ዓመት ታያለሽ... ያያሉ፣ ማክ ኦዮ!

ኦዮ፦ እሺ። ጨዋታውን አሁንም እርስዎ ይምረጡ። እኔ ያልገባኝን እየጠየቅኩ አግዝዎታለሁ።

[ሩዙ ቀዝቅዞ ተበላ። ጣሳው ውስጥ የነበረው ክሩፑክ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።]

ማክ ኦዮ አሁን የመስኮቱ አልጋ ላይ ናት። ቡ ኩራይሲን መጸዳጃው ግድግዳ ሥር ናት፤ ክላክስ በተሰማ ቁጥር «እሱ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ ወጥ ቤት ነኝ።