«ስንት ነን?» የሚሉት ጋሽ ይገዙ

ሐበሻ ከአራት በላይ ሆኖ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰው የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሳህን ሲያነሳ እሱ የእሳት ማጥፊያው የሚያልፍበትን ቀን ያነባል። ጨዋታው ሲደምቅ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ይፈልጋል። እንወደዋለን ማለት ይከብዳል። እንታገሠዋለን።

የእኛው ጋሽ ይገዙ ይባላሉ። አትላንታ አጠገብ፣ ቻምብሊ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የመኪና ማቆሚያ አስተባባሪ፣ የበር ጠባቂዎች ሁሉ የበላይ፣ የእጅ ባትሪና የታሸገ ውሃ ሚኒስትር፣ ክቡር ጋሽ ይገዙ። በሥራ ቀን ኤርፖርት አጠገብ ላለ አንድ ሆቴል ሻትል ይነዳሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳና ሻንጣ እየቆጠሩ ጭነዋል፣ እየቆጠሩ አውርደዋል። እሑድ ዕረፍታቸው ነው ቢባልም እሑድም ይቆጥራሉ።

ጥያቄያቸው አንድ ናት፤ «ስንት ነን?»

ቤት ለቤት በምናደርገው የጸሎት ፕሮግራም ሁላችንም ዓይናችንን ስንጨፍን እሳቸው አንዱን ገለጥ አድርገው ይቆጥሩናል። ዶራቪል ሰፈር በነበርንበት ጊዜ ለልጄ ልደት የጠራሁት አሥራ አንድ ልጅ ነበር። ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ጋሽ ይገዙ ቢላዋውን አስቆሙ። «አሥራ ሁለት ናቸው» አሉ። ተመለከትን። በሩ ተከፍቶ ስላገኘው የገባ የጎረቤት ልጅ ኮፍያ ደፍቶ ከልጆቹ መሀል ተቀምጧል። እናቱ ከታች ፓርኪንጉ ውስጥ ስሙን እየጠራች ታለቅስ ነበር። ጋሽ ይገዙ አቅፈው አወረዱት። እኛ ግን ለወራት የሳቅነው በልጁ ሳይሆን በእሳቸው ነው።

የስብሰባ ነገር ሲነሳ የስም ዝርዝር ይዘው ይመጡ ነበር። ማን በማን መኪና እንደሚሄድ፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደሚደወል ይጽፋሉ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ በአባላት ስብሰባ ላይ ተነሱና፣ «ወንድም ይገዙ፣ ሕዝብ የቆጠረ ንጉሥ ምን እንደደረሰበት የምናውቅ ሰዎች ነን። ይህ የእምነት ማነስ ነው» አሏቸው። አሜን ተባለ። ዝርዝሩ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይገዙ ቸር ሆኑ። በየጉባኤው በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሁሉ አንድ የሚንት ከረሜላ ያድሉ ጀመር። ልጆች ሁለት ለማንሳት እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ሲሰዱ ከረጢቱን ከፍ ያደርጉታል። አንዷን ከረሜላ መዳፍ ላይ አስቀምጠው ጣቶቻችሁን ራሳቸው ያጥፉላችኋል። ሐኪም ስኳር የከለከላቸው ሰውዬ ለራሳቸውም አንድ ኪሳቸው ይከታሉ። ልባቸው እንዴት ተለወጠ ብለን ተደነቅን። ከረጢቱ ሲገዛ መቶ ከረሜላ እንዳለው፣ ማታ የተረፈውን ቆጥረው ከመቶ እንደሚቀንሱ የተረዳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተረድቼም ለሰው ሁሉ አውርቼ አሳቅኩባቸው።

እንቁጣጣሽ ሰኞ በዋለበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2017፣ ለሦስት ቀን ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ልንወጣ ታስቦ ነበር። በዚያው ሳምንት ሃሪኬን የሚሉትን ከባድ ማዕበል ከፍሎሪዳ የሸሸው ሕዝብ የአትላንታን ሆቴሎች ሞልቶ፣ ጋሽ ይገዙ ከነውሻውና ከነድመቱ ሲያመላልሱት ሰነበቱ። በረቡዕ ጸሎት ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ይህ ጉዞ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። ካልተላለፈም እያንዳንዱ ቤተሰብ ቦርሳ ያዘጋጅ። መድኃኒት፣ ውሃ፣ ባትሪ፣ የመታወቂያ ኮፒ። መንገዱም ከአንድ በላይ ይጠና» አሉ።

ከሥራ የሦስት ቀን ፈቃድ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ ባሕሩ ያለው እታች ሳቫና ከተማ ነው አለ። ሌላው በእግዚአብሔር ጥላ ሥር ነን አለ። እኔም ተነሳሁ።

«ጋሽ ይገዙ፣ ሃሪኬን ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? አየር ሊቀይር ነው?»

ፓስተር ፊልጶስ ሳይቀሩ ሳቁ። ጋሽ ይገዙ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ክፍሌ፣ ነፋሱ መንገድ ላይ ይደክማል» አሉኝ። «ውሃውን ግን የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ተራራው ያራግፈዋል። ተራራ ላይ የወረደ ውሃ ደግሞ እዚያው አይቀመጥም፣ ወደ ታች ይመጣል። እኛ የተከራየነው ቤት ታች ነው።»

በድምፅ ብልጫ ሄድን።

ቦታው ውብ ነበር። በሁለት ተራራ መሀል፣ በአንዲት ጅረት ዳር የእንጨት ቤቶች የተደረደሩበት ካምፕ። ጅረቷን ልጆች በአንድ ዝላይ ያልፏታል። መግቢያና መውጫው አንድ ዝቅ ያለ ድልድይ ነው። ጋሽ ይገዙ ቅዳሜ ደርሰው መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው። ሰኞ ጠዋት ለእንቁጣጣሽ ቁርስ ስንገባ ከረሜላችንን ተቀበልን። ስልሳ ሦስት ከረሜላ ወጣ።

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የሰው ስም፣ የሰፈር ስም፣ የተማርኩባቸውን መጻሕፍት ጭምር። የዚያን ቀን የጣሪያ ድምፅ ግን አልረሳሁም። ከቀትር በኋላ ጅረቷ ቡናማ ሆነች። ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ የምታጋጭ ወንዝ ሆነች። የካምፑ ኃላፊ እየሮጠ መጣና ድልድዩ ሳይሸፈን በሩብ ሰዓት ውስጥ ውጡ፣ ኮረብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ክፍት ናት አለን።

በዚያ ግርግር ውስጥም ቢሆን አንድ ክርክር ነበረን። የወንድም ኤልቃና እናት እማማ አበዛሽ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከሀገር ቤት የመጡ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው። እሳቸውን ከፊት ወንበር ማስቀመጥ ለማንኛውም መኪና ክብር ነው። እህት መነን ማታ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ኮረብታው ላይ ሳትቆም በቀጥታ ወደ አትላንታ ትነዳለች።

«እማማን እኔ ልውሰዳቸው፣ ቤታቸው አደርሳቸዋለሁ» አለች።

«ኧረ እኔ ጋ ይሁኑ፣ አታስቸግሪ» አላት ኤልቃና።

«ምን ችግር አለው! በሞቴ!»

«እንግዲህ እንዳልሽ።»

«ካልሆነም አንተው ውሰዳቸው።»

እኔ የራሴን ሻንጣ እየጫንኩ ሳይ መነን የፊት በሯን ከፍታ ቆማለች፣ እማማ አበዛሽም ነጠላቸውን ተከናንበው ከበሩ አጠገብ ናቸው። ከዚያ ዓይኔን ወደ ሻንጣዬ መለስኩ።

ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ጋሽ ይገዙ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመው መኪኖቹን አንድ በአንድ አሳለፉ። መጨረሻ ላይ እሳቸው ተከተሉ። ኮረብታዋ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ማንም ገና እግሩን ሳያደርቅ፣ «ስንት ነን?» አሉ። ከፊታችን እየተዘዋወሩ ትከሻ ትከሻችንን እየነኩ ቆጠሩ። ሃምሳ ስምንት።

«መነን ጋ ስንት ሰው አለ?»

ስልክ አይሠራም። ኤልቃና የልጆቹን ልብስ እየቀየረ ነበር። ሁላችንም በርዶናል፣ ሁላችንም ያ ቆጠራ እንዲያበቃ እንፈልጋለን።

«አምስት» አልኩ። «እማማ አበዛሽ ከፊት ናቸው።»

«ሲገቡ አይተሃቸዋል?»

«በዓይኔ።»

ጋሽ ይገዙ ስልሳ ሦስት ብለው ጻፉ፣ ደብተሩን ዘጉ። ፓስተር ፊልጶስ የምስጋና ጸሎት ጀመሩ። ጸሎቱ ከመጋመሱ በፊት ከኋላ፣ «የለም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ወንድም ይገዙ፣ እየጸለይን ነው እኮ!» አሉ ፓስተር ፊልጶስ።

«የመነን መኪና በፊቴ ሲያልፍ ከፊት ወንበር ላይ የነበረው ትልቁ የመጠጥ በረዶ ሳጥን ነው፤ የኋላው መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኖ አይታይም» አሉ ጋሽ ይገዙ። «እማማ አበዛሽ ከኋላ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ማን ከኋላ ያስቀምጣቸዋል? መነን ታስቀምጣቸዋለች? እኛ መሀል ሳጥን ከፊት አስቀምጦ እናትን ከኋላ የሚያደርግ ሰው አለ?»

የለም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ኤልቃና ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ መነን ጋ ናቸው ብዬ እኮ ነው…» አለና ሳይጨርስ ሮጠ። ሁለቱ በጋሽ ይገዙ መኪና ወረዱ። እኔም መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። መስኮቱ ጋ ቆሜ ዝናቡን አየሁ።

ኋላ እንደተነገረን፣ እማማ አበዛሽ ከመነን መኪና በር የተመለሱት በሰው ቤት ያደሩበትን አልጋ ሳያነጥፉ መሄድ ነውር ስለሆነባቸው ነው። መነን ወደ ልጃቸው መኪና የሄዱ መሰላት። የካምፑ ኃላፊ በየበሩ እያንኳኳ ጮኾ ነበር፤ የጮኸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እማማ ያደሩበትን ክፍል አንሶላዎች አጣጥፈው፣ የቀጣዩን ክፍል አጣጥፈው፣ ከጓሮ በኩል ብርጭቆ ያጥቡ ነበር። ኤልቃና ሲገባ፣ «ምነው ቆያችሁ?» ነው ያሉት።

መኪናውን ከድልድዩ ወዲህ አቁመው በእግር ነበር የተሻገሩት፤ ሲመለሱ ውሃው ድልድዩን አልፎ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ኤልቃና እናቱን አዝሎ፣ ጋሽ ይገዙ ከታች በኩል ሆነው በትከሻቸው እየደገፉት ተሻገሩ። ኮረብታው ላይ እስኪደርሱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጅቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የካምፑ ኃላፊ ድልድዩን ውሃው እንደወሰደው ነገረን።

ኤልቃና መሬት ላይ ተቀምጦ የእናቱን ጉልበት አቅፎ ሲያለቅስ፣ ጋሽ ይገዙን ጥግ ላይ ካልሲያቸውን ሲጨምቁ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ይገዙ፣ እኔ…»

«ደብተሩን ዘግቼው ነበር እኮ፣ ክፍሌ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «አየሁ ስትለኝ ዘጋሁት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአባላት ስብሰባ ተጠራ። የጋሽ ይገዙ ሐሳብ ለውይይት ቀረበ፤ የስም ዝርዝር፣ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ፣ ከእያንዳንዱ መኪና አንድ ተጠሪ። ክርክሩ ጦፈ። ጌታ ነው ያዳናቸው የሚል አለ። ጌታ በወንድም ይገዙ እጅ አዳናቸው የሚልም አለ። ሚዛኑ ወደ እሳቸው እያደላ ሳለ፣ ያ ስለ ንጉሡ የተናገሩት ሽማግሌ፣ «መጀመሪያ ቁጥሩ ሞልቷል ተብሎ አልነበረም? ማን ነው መነን ጋ ናቸው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

መነን አንገቷን ደፋች። ሰው ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው።

ጋሽ ይገዙ ተነሱ። «ቁጥሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። «መነን ምንም አላጠፋችም። ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው፣ «እንግዲህ ቆጣሪውም ይሳሳታል ማለት ነው» አሉ። ሐሳቡ በስምንት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

እነሆ ሁለት ዓመት ሆነ። በየመስከረሙ ዜናው ስለ ማዕበል ሲያወራ እኛም እንከራከራለን፣ በየመስከረሙም ያችን «የቆጣሪውን ስህተት» የሚያነሳ አይጠፋም። ጋሽ ይገዙ ዝም ይላሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ እሳቸው አልተሳሳቱም። ያላየሁትን አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ከማሳተሜ በፊት ወስጄ አነበብኩላቸው። ሆቴሉ በር ላይ፣ ሻትላቸው ውስጥ፣ እንግዳ እየጠበቁ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሴትዮዋ ደህና ናቸው» አሉ።

«በስብሰባው ቀን ዝም አልኩ እኮ፣ ጋሼ።»

«ዝም አላልክም። እጅህን አንስተህ ነበር። ግማሽ ድረስ። እኔ ቀደምኩህ እንጂ።»

እጄን ስለማንሳቴ የማስታውሰው ነገር የለም። ግን ጋሽ ይገዙ ያላዩትን አየሁ የሚሉ ሰው አይደሉም።